የጨረቃ መጠበቂያው ግንብ

ሸዋ ሮቢት በመምህርነት ስመደብ ደብረ ሲና ያሉት ዘመዶቼ ባሕር የምሻገር ይመስል አልቅሰው ሸኙኝ። መንገዱ በአውቶቡስ አንድ ቁልቁለት ነው። ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። እናቴ የፈራችው ወባን ነበር። ወባውም አላሳፈራትም፣ ብዙ ሳልቆይ ያዘኝ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሉል ስላልነበረው ፀሐይን በእሳት፣ ምድርን በማንጎ፣ ጨረቃን በሽንኩርት አስተምር ነበር። ማንጎና ሽንኩርት ሮቢት ሞልቷል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪዎቹ ምድርን ይበሏትና ጨረቃን ለእኔ ይተዉልኛል።

የተከራየሁት እትዬ ከምላቸው ሴት ግቢ ነው። እትዬ የይፋት ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጡ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረዋል። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን በሥጋ አንገናኝም፤ ፍቅራችን በሽሮ የጸና ነበር። ድምፃቸው ከገበያ የተረፈ ድምፅ ነው። «ልጄ፣ ራትህ ቀረበ» ሲሉኝ ሦስተኛው ቤት ያለውም ሰው ራቱን የሚያስታውስ ይመስለኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ የወረዳው ካድሬ እንደሚፈልገኝ ተነገረኝ። በዚያን ጊዜ ካድሬ የፈለገው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የተናገረውን ሁሉ ማስታወስ ነው። እኔ ቢሮው በር ላይ እስክደርስ የተናገርኩትን አስታውሼ ጨርሼ ያልተናገርኩትንም ማስታወስ ጀምሬ ነበር።

ካድሬው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁም ቀጭን ነው። በር ዘጋና ወንበር ሰጠኝ።

«ጓድ መምህር፣ ስለ ጨረቃ ታስተምራለህ አሉ።»

«በሽንኩርት ነው» አልኩ።

«በምንም ይሁን።»

ከዚያ ችግሩን ነገረኝ። ባሕር ማዶ፣ ወዳጅ አገር ለሥልጠና ሄዶ ሳለ አንድ የዕረፍት ቀን ሠልጣኞቹን አውቶቡስ አሳፍረው የጥንት የከዋክብት መመልከቻ አሳዩዋቸው። ከድንጋይ የተሠራ፣ ግማሹ ኮረብታ ውስጥ የተቀበረ፣ እንደ ጎማ ቁራጭ የጎበጠ ትልቅ ነገር ነው አለኝ፤ በእጁም ጎባጣውን በአየር ላይ ሣለልኝ። የጥንት ሰዎች ፀሐይ የት እንደደረሰች በሱ ይለኩ ነበር። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ ካስረዳች በኋላ «በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ከየአገሩ የመጣው ሠልጣኝ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ዝምታው ከበደኝ» አለ ካድሬው። «'አለን' አልኳት።»

«የት?»

«ያኔ የት ብላ አልጠየቀችኝም። አሁን ግን ጠየቁ።»

ከዚያ አገር አንድ ሊቅ ለእርሻ ጉዳይ ወደኛ ሊመጣ ነው፤ ካድሬው ያወራለትን መመልከቻ ለማየት ጓጉቷል ተብሎ ከበላይ ተደውሏል። ካድሬው ወረዳውን ሁሉ ሲያጠያይቅ ከርሞ፣ ከካራቆሬ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ተራራ ላይ ጥንት እስላሞች ጨረቃ ይጠብቁበት የነበረ የድንጋይ ግንብ እንዳለ ሰምቷል። አብሬው ሄጄ አይቼ፣ ግንቡ ሳይንስ መሆን አለመሆኑን እንድነግረው ፈለገ። አይደለም ካልኩት ምን እንደሚከተል አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ማታ ራት ላይ ነገሩን ለእትዬ አወራኋቸው። እጃቸው ሽሮው ውስጥ ቀረ።

«የዚያ ሰውዬ ነው» አሉ።

«የማን ሰውዬ?»

«የዚያ።»

«ያ ሰውዬ» ማለት ታላቅ ወንድማቸው እንደሆነ ጎረቤት ነግሮኝ ነበር። ወንድማቸው ሼሁ፣ ግንቡ ያለበት መንደር ነዋሪ፣ እንደ አባታቸውና እንደ አያታቸው የጨረቃ ጠባቂ ናቸው። የረመዳን መግቢያና መውጫ ሲደርስ ግንቡ ላይ ወጥተው ለጋዋን ጨረቃ ይፈልጋሉ። እኔ ወደ ሮቢት ከመምጣቴ በፊት፣ በአንዱ ዓመት፣ ሼሁ «ጨረቃ ታየች» ብለው ሰው ላኩ። እትዬ የወንድማቸውን ቃል ይዘው በማግስቱ በግ አረዱ፣ አዲስ ልብስ ለበሱ፣ ልጆቻቸውን ሰበሰቡና ዒድ አደረጉ። ከሳቸው ግቢ ውጭ ያለው የሮቢት እስላም ሁሉ ጾም ላይ ነበር። ዒድ ገና ነገ መሆኑን ራዲዮኑ ተናገረ። እትዬ ጾመኛ ጎረቤት በአጥር ላይ እያያቸው ሥጋ በልተዋል። የበሉበትን ቀን በኋላ በቀዳ፣ በሌላ ቀን ጾመው፣ ከፈሉ። ዕዳው በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በገበያ ቀን፣ በዚያ ድምፃቸው፣ «ወንድሜ ያየው ጨረቃ አይደለም፤ ከደብረ ሲና የሚወርድ የመኪና መብራት ነው!» አሉ። ገበያው ሳቀ። ሳቁ ተራራው ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሼሁ ወደ ሮቢት አልወረዱም፤ እትዬም ወደዚያ አልወጡም።

«በምንድን ነው የምትሄዱት?» አሉኝ እትዬ።

«በግብርና ቢሮ ላንድሮቨር።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

ደስ አለኝ። «ለመታረቅ ነው?»

«ማን አለ? ያኔ ተናድጄ ያልጨረስኩት ነገር አለ፤ እሱን ልጨርስ ነው።»

ካድሬው ሰፊው ሕዝብ በጉዞው መወከሉን ስለወደደ አልተቃወመም። እትዬ ትልቅ ዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለሹፌሩ» አሉ። ሹፌሩ ግን ከዘንቢሉ አንድም አልተሰጠውም። ሹፌሩ ትልቅ ሰውነት፣ ወፍራም ድምፅና ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ያለው ሰው ነው። ከካድሬው ጎን ሲቆም አለቃው እሱ ይመስላል። ካድሬው ይህን ስለሚያውቅ ከጎኑ አይቆምም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን የደረቀ ወንዝ አሸዋ ይዘን ሄድን። ላንድሮቨሩ እምቢ ሲል በእግር ወጣን። መንደሩ ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ መንገዱም ድንጋይ። ሼሁ ከቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም ናቸው፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ዓይናቸውንም ጨፈን አድርገዋል፤ ከፀሐዩ የተነሣ መስሎኝ ነበር።

ካድሬው ሰላምታ ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። ሼሁ በእጁ አጠገብ አልፈው የሹፌሩን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ! እንዲህ ያለ ቦታ ድረስ መድከምዎ!»

«ግድ የለም፣ ሥራ ነው» አለ ሹፌሩ በወፍራሙ ድምፁ። እጁንም አላስለቀቀም።

ካድሬው የእኔን ፊት አየ፤ እኔ ተራራውን አየሁ።

እትዬ ከኋላ ደረሱ። ትንፋሻቸውን እስኪመልሱ ቆዩና «መምህር፣ ይህን ሰውዬ ሰላም በልልኝ» አሉ።

«ሼሁ፣ እትዬ ሰላም ብለዋል» አልኩ።

ሼሁ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። «ወአለይኪ ሰላም በላት። ድምፅዋ ወፍሯል።»

«እትዬ፣ ድምፅዎ ወፍሯል አሉ።»

«ማን እንዳወፈረው ያውቅ እንደሆን ጠይቅልኝ።»

ይህንን አልጠየቅሁም። ካድሬው ጊዜ እንደሌለን ተናግሮ ወደ ግንቡ ሄድን።

ግንቡ ከመንደሩ ራስ ላይ ነው። ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ቀርቷል። በውስጡ እየዞረ የሚወጣ ደረጃ አለው፤ ላይ በምዕራብ በኩል አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያይበት ጠባብ መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ፊት ለፊቴ የቆመው ከታች እስከ ሰማይ ተራራ ነው፤ የእኔ አገር፣ ደብረ ሲና። ለጋ ጨረቃ የምትታየው ደግሞ በምዕራብ፣ ከመጥለቋ በፊት ዝቅ ብላ ነው። ከዚህ ሆኖ ጨረቃን መጠበቅ ከግንብ ጀርባ ቆሞ ሰውን እንደ መጠበቅ ነው።

ወርጄ «ሼሁ፣ የጥንት ሰዎች ለምን ተራራ ሥር ሠሩት?» አልኳቸው።

«እዚህ ስለነበሩ» አሉ።

መስኮቱ በሁለት ተራሮች መሃል ባለ ጎድጓዳ ላይ ያነጣጠረ ነው። ጨረቃ በዚያች ጎድጓዳ ካለፈች ትታያለች፤ ካላለፈች ወሩ ሠላሳ ይሞላል። ካድሬው ይህን «ሳይንሳዊ ዘዴ ነው አይደል?» አለኝ። «ዘዴ ነው» አልኩት።

ከግንቡ ውጭ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። መሃሉ ላይ በሰው ቁመት የሚሆን ድንጋይ ቆሟል፤ ጥላው በሚያርፍበት በኩል መስመሮች ተቀርጸዋል። አንዱ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሌላው የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ነው። ከዳር ደግሞ ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ አለ። የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ውሃ ሞልተው ፀሐይን በውሃው ውስጥ ያዩበት ነበር። እኛ በደረስንበት ቀን ፍየሎች ይጠጡበት ነበር፤ ካድሬው ፍየሎቹን አባረረና ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየው። በሕይወቱ ውሸቱ እውነት ሲሆን ያየ ሰው ፊት እንዲያ ያለ ይመስለኛል።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው? በድንጋዩ ይንገሩኝ» አላቸው ሼሁን። ሰዓቱን በእጁ ሸፈነ።

ሼሁ ተንበረከኩና የእጃቸውን ጀርባ በድንጋዩ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ። ፀሐይ ያቃጠለውን አልፈው ጥላው ቀዝቀዝ ያደረገው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱ። «ዙሁር ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል» አሉ።

ካድሬው እጁን ከሰዓቱ ላይ አነሣ። ትክክል ነበር። ሹፌሩን ጠርቶ አሳየው፤ ለእኔም አሳየኝ። ከዚያ እንግዳው የሚቆምበትን ቦታ በእርምጃ መለካት ጀመረ፤ ንግግሩንም ለብቻው ተለማመደ። ሲጨርስ «አንዴ ይድገሙልኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ልይ» አለ።

በዚህ መሃል ከተራራው ላይ ደመና ወርዶ ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር። የድንጋዩ ጥላ የለም። ሼሁ ተንበርክከው እጃቸውን አስኬዱ። መስመሩን አለፉ። ሁለተኛውንም አለፉ። እጃቸው ከጠፍጣፋው ድንጋይ ወርዶ ሣሩ ላይ ገባ፤ እዚያም መፈለጉን አላቆመም። እኔ ሌላ የሚያሳዩን መሣሪያ ያለ መስሎኝ ወደ ሣሩ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ቀና ስል እትዬ ወንድማቸውን እያዩ ነበር። አፋቸው ተከፍቷል። ያልጨረሱትን ነገር ሊጨርሱ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። አፋቸው ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሩ።

«ደመና አይታይህም? በደመና ድንጋይ ይናገራል ወይ? ይህን ሳታውቅ ነው እንግዳ የምታመጣው?»

ካድሬው በወረዳው ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። «ይቅርታ እናቴ» አለና ወደ ገንዳው ሄደ።

እትዬ መጥተው ሣሩ ላይ፣ ከወንድማቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ተነሣ» አሏቸው። ይህኛው በእኔ በኩል የተላከ አልነበረም።

«ደመና መጣ?» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው።

«መጣ።»

«አላየሁትም።»

«አወቅሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሼሁ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ጠረጉ። መሄድ እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ ግን በእነሱና በግንቡ ግድግዳ መካከል ነበርኩና ለመውጣት አንዳቸውን መርገጥ ነበረብኝ።

«የመኪና መብራት ነበር» አሉ ሼሁ በመጨረሻ። «ያን ዕለት። ኋላ ሳስበው ይንቀሳቀስ ነበር። ጨረቃ እንደዚያ አትሄድም።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሄደው?»

«ወደ ታች።»

«ወደ ታች ከሆነ አውቶቡስ ነው» አሉ እትዬ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፤ ሲያለቅሱ ድምፅ እንደማያወጡ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሼሁ እጃቸውን ሰደው ትከሻቸውን አገኙና እዚያው አኖሩት። «ወላሂ ያኔ ደህና የማይ መስሎኝ ነው» አሉ። «ካንቺ አፍ ስሰማው ነው የጠረጠርኩት። ስትስቂብኝ እውነት ሆነ።»

ነገሩን ለካድሬው የምነግረው እኔ ሆንኩ። ግንቡ እውነተኛ መሆኑን፣ ጠባቂው ግን ማየት እንደማይችሉ ነገርኩት። ተስፋ ቆርጦ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የዓይን ሞራ ነው?» አለ።

«ይመስለኛል።»

«አዲስ አበባ ያወጡታል። አባቴ አስወጥቷል።»

የላንድሮቨሩን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጎ እዚያው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። ሹፌሩ በትከሻው ላይ አንብቦ ነገረኝ፤ ሼሁ በደብዳቤው ላይ «የሰፊው ሕዝብ የጠፈር ተመራማሪ» ተብለዋል። ያንን ወረቀት ይዘው የሄዱበት ቢሮ ሁሉ ወንበር እንደሰጣቸው እትዬ በኋላ ነገሩኝ። በዚያ ዘመን ለይለፍ ወረቀት ብቻ ሳምንት የሚመላለስ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሼሁ ሰው ሳይለምኑ ሆስፒታል ተኙ። ማንጎው ግን ያን ዕለት እዚያው መንደር ተራግፎ ቀረ፤ ካድሬው አንድ አንሥቶ በላ።

እትዬ ሱቃቸውን ዘግተው አብረው ሄዱ። ሲመለሱ ሼሁ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርገዋል። የተሠራላቸው አንዱ ዓይን ነው፤ ሌላው ቆይቷል አሉ። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያዩት እህታቸውን ነበር።

«ምን አለኝ መሰለህ?» አሉኝ እትዬ። «'አርጅተሻል' አለኝ። ይህን ለመስማት ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩት?»

እስኪጠነክሩ ድረስ ሼሁን በእኔ ክፍል አስተኟቸው፤ ነፋሻው እሱ ነው ብለው። እኔ ወደ እህል ማስቀመጫው ተዛወርኩ። የቤት ኪራዩ አልተቀነሰም። ወንድምና እህት ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ሾርባው፣ የእናታቸው ቀሚስ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ስለመሆኑ። እኔን ዳኛ አድርገው ሲጠሩኝ እናታቸውን አይቼ እንደማላውቅ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ብዙ ዓመት ያከማቹት ጭቅጭቅ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም።

ሼሁ ወደ መንደራቸው ከተመለሱ በኋላ እንግዳው፣ ያ ሊቅ፣ መጣ። ቀይ፣ ሽማግሌ፣ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። አስተርጓሚ ይዟል። ዳገቱን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ካድሬው ንግግሩን አደረገ። ሼሁ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ድንጋዩ ጋ ቆሙ።

«ሰዓቱን ይንገሩን» አለ ካድሬው በኩራት። ፀሐይዋም ደህና ነበረች።

ሼሁ በመነጽራቸው ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አሉ። ቀኝ አዩ፣ ግራ አዩ። ቀና ብለው እኔን ጠሩኝና በጆሮዬ «መምህር፣ ይህ ሁሉ መስመር ከየት መጣ?» አሉኝ።

ድንጋዩ በየቦታው ተሰንጥቋል። ባላዩባቸው ዓመታት ስንጥቁ በዝቶ ኖሮ ሼሁ የተቀረጸውን መስመር ከስንጥቁ መለየት አልቻሉም። ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁና ለእኔ ሰጡኝ፤ ተንበርክከው በእጃቸው ጀርባ ፈለጉት። «ዙሁር አልፏል፤ ገና ብዙም አልራቀም» አሉ።

እንግዳው ባርኔጣውን አስቀምጦ ጎናቸው ተንበረከከ። የራሱን እጅ ድንጋዩ ላይ አስኬደ፤ ሙቁን፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን። መልሶ አስኬደ። አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ ካድሬው።

«ጉልበቱን አሞታል፤ አንሡኝ ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው።

ካድሬውና ሹፌሩ ግራና ቀኝ ይዘው አነሡት። ከዚያ ግን ግንቡን ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ደረጃውን ወጣ፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ተራራውን አየ። ሲሄድ የካድሬውን እጅ ይዞ ብዙ ነቀነቀው። ካድሬው ያን ቀን ለሁሉም ምሳ ጋበዘ።

በደስታው ዋናው መንገድ ላይ፣ መገንጠያው ጋ፣ ትልቅ ሰሌዳ አስተከለ። «የጠፈር ምርምር ጣቢያ» ይላል፤ ቀስት አለው። ሰሌዳው ብዙ አልቆየም። በዚያ መንገድ የሚያልፉ የጦር መኮንኖች ጣቢያው የማን እንደሆነና ማን እንደፈቀደው መጠየቅ ጀመሩ። ሰሌዳው ተነቀለ። ካድሬውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ዕድገት ነው ያሉ ነበሩ፣ አይደለም ያሉም ነበሩ። ሊሰናበተኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ሼሁን ሰላም እንድልለት አደራ አለኝ።

እኔም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማጀቴ ከተማ ተዛወርኩ። እትዬ ስሸኝ አላለቀሱም፤ ሽሮ አስያዙኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ሁለቱንም አብረው ያየኋቸው ካራቆሬ ገበያ ነው። አውቶቡሳችን ጎማ ሊቀይር ቆሞ ወረድ ስል፣ እትዬ አንዲት ፍየል በቀንዷ ይዘዋል፤ ሼሁ መነጽራቸውን ከፍየሏ አፍ ጋር አገጣጥመው ጥርሷን ያያሉ።

«ይህች አሮጊት ናት» ይላሉ ሼሁ።

«ግልገል ናት! ሻጩ እየሰማህ!»

«አሮጊት ናት እላለሁ!»

ሰላም አልኳቸው። ሼሁ ከፍየሏ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጊዜ ወስደው ነው ያዩኝ።

«መምህር፣ ከስተሃል» አሉ። «ማጀቴ ምግብ የለም እንዴ?»

አለ አልኳቸው። እትዬ አላመኑኝም። ከፍየሏ ጋር እየታገሉ ከዘንቢላቸው ቂጣ አውጥተው በእጄ አስያዙኝ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋ እየበላሁ ተሳፈርኩ።